የአሚራን ጥቁር መነጽር ላስወለቁት ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር
መካነ ሰላም

አሰላሙ አለይኩም። ከነቤተሰብዎ እንደምን ከረሙ? ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ብርሃን፣ አላህ ያቆይልዎ። እኔ የአራተኛ ክፍሏ የአሚራ እናት ሀጀራ ነኝ፤ ልጄን ሥርዓት ለማስያዝ ስላሳዩት ትጋት በአደባባይ ላመሰግንዎ ብዬ ይህን ጻፍሁ።

፩ኛ. ስለ ውኃው አመሰግናለሁ። አሚራ ከእኔና ከአባቷ የወረሰችው፣ ሐኪሞች ሲስቲኖሲስ የሚሉት፣ ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ሕመም አለባት። ኩላሊቷ ውኃ አይቋጥርምና ቶሎ ቶሎ ትጠጣለች፣ ቶሎ ቶሎም ለሽንት ትወጣለች። እርስዎ ኮዳዋን ከክፍል አስወጥተው ትዕግሥት አስተማሩልኝ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ስትመጣ ትምህርቱ እንደገባት አወቅሁ።

፪ኛ. ስለ መነጽሩ። ይኸው ሕመም ዓይኗ ውስጥ እንደ ጨው ያለ ደቃቅ ነገር ያከማቻል፤ ፀሐይ ሲያገኛት እንደ መርፌ ይወጋታል። ይህንን ቢሮዎ መጥቼ ሳስረዳዎ «እናስብበታለን» ብለውኝ ነበር። አስበውበት ኖሯል፤ ባለፈው ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ «ዱባይ መሰለሽ? አውልቂው!» አሏት። ታዛዥ ናትና አወለቀች። «ጋሼ፣ ዓይኔን አመመኝ» ብትልዎ «ቀና በይ» አሏት። ቀና አለች። እንባዋ እየወረደ መዝሙሩን ጨረሰች፤ ከዚያ መሄጃው ጠፍቷት ከደረጃው ወደቀች። የክፍል ጓደኛዋ እንቁ ፊቷን በሹራቧ ሸፍና፣ እጇን ይዛ ቤት አመጣችልኝ። ያለ ፈቃድ ከሰልፍ ወጣሽ ብለው እንቁንም ቀጧት አሉ፤ ፍርድዎ ለማንም አያዳላም።

ሦስተኛ ምስጋና አልነበረኝም። ግን ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ደሴ ያየቻት ሐኪም የዓይኗ የፊት ሽፋን ተልጧል አለች። እኔ ከበሩ ወደ መኝታዋ፣ ከመኝታዋ ወደ በሩ ስመላለስ፣ ትናንት «እማዬ፣ ጥፋቴ ምን ነበር?» አለችኝ። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው። ስለዚህ ዓይኗን መግለጥ በቻለችበት ቀን ከእርስዎ እንድትሰማ ይዣት እመጣለሁ፤ መነጽሯን አድርጋ፣ ውኃዋን ይዛ ሰልፉ ላይ ትቆማለች። እኔም አጠገቧ እቆማለሁ፤ አውልቂ የሚል ካለ መጀመሪያ እኔን ያናግር።

ልጇን በአደራ የሰጠችዎ፣ ለአደራ አጠባበቅዎም ምስጋና ቃል ያጠራት፣
ሀጀራ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን የለጠፍሁት በትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ የረፋድ ፀሐይ አንባቢውን ፊት ለፊት በሚመታው በኩል ነው። ሲያነቡት ብርሃኑ ቢያስቸግርዎ እንኳ በእጅዎ እንዳይከልሉት፤ ቀና ብለው ያንብቡ።