የጋሼ ሰብስቤ ዋሶች

ይድረስ ለምወድሽና ትንሽም ለምቀናብሽ እኅቴ ለእታለም ሸዋወርቅ፣ ጎሬ።

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ ጉልበትሽ፣ ተማሪዎችሽ፣ የኢሉባቦር ጭቃ ሳይቀር ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ከአንቺ ናፍቆት በቀር፣ ካድሬው አይስማኝና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የናዝሬት አቧራም ደኅና ነው፤ በየቀኑ እያደገ ነው።

እትዬ በላይነሽ፣ የአጎታችን የጋሼ ሰብስቤ ሚስት፣ ሁለት ጊዜ ሕይወት የሌለው ልጅ መውለዷን ታውቂያለሽ። እማዬ ቡዳ ነው ስትል፣ የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደአማኑኤል ደግሞ የቤቱ በር ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ነው ብለው በሩን አስነቀሉት። በሩ ዞረ፤ ልጅ ግን አልመጣም። ለሦስተኛ ጊዜ ስታረግዝ እኔ ራሴ ሆስፒታል ወሰድኳት። ደሟ ሲመረመር ቂጥኝ ተገኘባት። ነርሷ ሲስተር ጫልቱ ቁጭ አድርጋት፣ «ልጆችሽን የበላው ይሄ ነው። አንቺም ሆነ ይሄኛው ልጅ በመርፌ ትድናላችሁ፤ ባልሽ ካልታከመ ግን መልሶ ያመጣልሻል» አለቻት።

ለመርፌዋ ስንመላለስ የሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ያየሁትን ብታዪ! የአሰብ መስመር ሾፌሮች ጭነት አራግፈው ሲመለሱ ይመጣሉ፣ ነጋዴዎቹ ከወለንጪቲ ገበያ በኋላ፣ ወታደሮቹ ፈቃዳቸው ሊያልቅ ሲል። አንዱም አሞኝ ነው አይልም። ግማሹ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ነው፤ ግማሹ መተሐራ ላይ ፀሐይ ባጋለው ድንጋይ ላይ ሸንቶ ያመጣው ነው። በዚህ አያያዛቸው መተሐራ ደረቅ ድንጋይ የቀረ አይመስለኝም። ሴቶቹ ግን የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ነው፤ ማን ነግሯቸው? «ወንዱ ተወግቶ ዝም፣ ሴቷ ልጇን ቀብራ ዝም» ትላለች ሲስተር ጫልቱ። ያኔ እንኳ አልሳቅኩም።

ጋሼ ሰብስቤ፣ እሱም የአሰብ ሾፌር አይደል፣ ሲነገረው ጣራው እስኪነሳ ጮኸ። «እኔ እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ! ድሮ ትንሽ ነገር ነበረች፣ እሷም ሚሌ ላይ አንድ መርፌ ተወግቼ ለቃኛለች» አለና ከአፉ እንዳመለጠው ገባው። እትዬ በላይነሽ ጓዟን ጠቅልላ ሁሩታ እናቷ ቤት ገባች። ሳይታከም ብትመለስ ልጁ፣ ባትመለስ ትዳሩ ሊሄድ ሆነ።

እንደ ወጉ ሽማግሌ ተላከ፤ አቶ ወልደአማኑኤልና ባለ ጋሪው ኦቦ ገመዳ። እኔም ተከተልኩ። አቶ ወልደአማኑኤል ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው ሲመክሩ ዋሉ። እሷ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ዋስ ትሆኑታላችሁ?» አለቻቸው። «እንዴታ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው። «እንግዲያውስ የዋስ ሥራ ሰውዬውን ማቅረብ ነው። ሲስተር ጫልቱ ዘንድ አቅርቡልኝ፤ መርፌውን እስኪጨርስም አትለዩት» አለች። ኦቦ ገመዳ «ያ ዋቅ!» ብለው አምላካቸውን ጠርተው ሳቁ። አቶ ወልደአማኑኤል በሩን በሩን አዩ፤ ግን ሽማግሌ ቃሉን አያጥፍም።

ሰኞ ዋሶቹ ጋሼ ሰብስቤን ጎትተው አመጡትና ሦስቱም በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። የእድሩ ሰው ግማሹ እዚያ ስለነበር ሰላምታው አላልቅ አለ። ጋሼ ሰብስቤ ተወግቶ ሲወጣ ሲስተር ጫልቱ «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች። ኦቦ ገመዳ «እኛስ ዋሶች ነን» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አቶ ወልደአማኑኤል ብድግ ብለው ገቡና በሩን ዘጉት። ሲወጡ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። «የእድር ጉዳይ ላማክራት ነው» አሉን። ኦቦ ገመዳ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይሄ እድር ብዙ ጉዳይ አለበት መሰለኝ» አሉኝ። በተከታዩ ሳምንት አቶ ወልደአማኑኤል ሚስታቸውንም ይዘው መጡ። ያን ቀን፣ እውነቴን ነው፣ ወደድኳቸው።

ዋሶቹ ጋሼ ሰብስቤን እስከ መጨረሻዋ መርፌ አድርሰውት እትዬ በላይነሽ ቤቷ ገባች። ባለፈው ቅዳሜም ሴት ልጅ ተገላገለች! ጋሼ ሰብስቤ ደጅ ቆሞ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ነበር። የሕፃኗን ጩኸት ሲሰማ ሮጦ ጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ለቀቀው፤ ሰፈሩ አብዮት ጠባቂ መጣ ብሎ በሩን ቆለፈ።

እማዬ መቼ ነው የምታገቢው ብላ ሰላም ብላሻለች። ጋሼ ሰብስቤና እትዬ በላይነሽ ጉንጭሽን ስመውሻል። ኦቦ ገመዳ በጋሪያቸው እስከ ጎሬ ሰላም ብለውሻል። አቶ ወልደአማኑኤልም እንደዚሁ፤ ስለ መርፌው ለሰው እንዳልተነፍስ አስምለውኛል፣ አንቺ ግን ሰው ሳትሆኚ እኅቴ ነሽ። ሕፃኗ ስም ገና አልወጣላትም። ይሄን ስጽፍልሽም እየጮኸች ነው፤ በዚህ ቤት ዝም በይ የሚላት የለም።

ታናሽሽ ትርሲት
ናዝሬት፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.