በስሜ የኖረው ሥራሽ

ውድ ወይዘሮ ሥርዓት፣

እንደምን ከረምሽ? ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝና ዛሬም በእሱ ልጥራሽ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን የሆስፒታሉን የቀጠሮ ፕሮግራም ስንጽፍ፣ የኮድ አጻጻፍ ደንብሽን ግድግዳው ላይ ለጥፈሽብኝ ነበር። መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ አራት ክፍት ቦታ፤ ለአንድ የኮዱ ክፍል ስም ሲወጣ ሥራውን የሚናገር። እኔ ደግሞ አንዱን «ነገርዬው» ብዬ ሰይሜው አገኘሽኝ። መጀመሪያ ተቆጣሽ፣ ቀጥሎ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። «ነገ ሌላ ሰው ሲያነበው እኛ አጠገቡ አንኖርም እኮ» አልሽኝ። እኔ ግን ከሠራ አራት ሆነ ሁለት ምን ቸገረኝ ባይ ነበርኩ። ያ ጭቅጭቃችን እንዴት እንደሚናፍቀኝ!

እናትሽን ልታስታምሚ የሄድሽ ሳምንት ላስደስትሽ ብዬ ኮዱን በሙሉ በደንብሽ መሠረት የሚያስተካክል መሣሪያ ለቀቅኩበት። መሣሪያው ትክክል የነበረውንም መስመር ሁሉ እንደ አዲስ ጻፈው፤ አማረበት። ለካ ማን ምን እንደጻፈ የሚያሳየው ገጽ የሚያውቀው መስመሩን መጨረሻ የነካውን ሰው ብቻ ነው፤ አሥር ሺህ መስመርሽ በአንድ ጠዋት በእኔ ስም ሆነ።

አለቃችን ሠራተኛ ሲቀንስ ያንን ገጽ ከፍቶ፣ እሷ እኮ ምንም አልጻፈችም አለ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። ልጄ ገና ጨቅላ ነበረች፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ዕቃሽን በካርቶን ይዘሽ ስትወጪ ደረጃው ድረስ ሸኘሁሽ፤ ጭራሽ አንቺው «አይዞህ» አልሽኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ። ትናንት አለቃው የክፍሉ ኃላፊ ሊያደርገኝ ጠራኝ። ምክንያቱ ያው የአንቺ ኮድ ነው፤ አዲስ የሚመጣ ሁሉ ማንንም ሳይጠይቅ አንብቦ ይረዳዋል። ከማስተካከሌ በፊት የነበረውን ቅጂ ከፍቼ ስክሪኑን አዞርኩለት። መስመር በመስመር ስምሽ ነበር።

«መቼ ነው ያወቅከው?» አለኝ።

«ያኔውኑ» አልኩት።

ሹመቱ ቀርቷል። የሥራዬ ነገርም ሰኞ ይነገረኛል። «የሥራ ድክመት» የሚለውን መሸኛ ይዘሽ ስንት በር እንዳንኳኳሽ እህትሽ ነግራኛለች። ይቅር በይኝ ለማለት እንኳ አፍራለሁ። ግን ያ ወረቀት ውሸት ነው፤ የትኛውም ቢሮ ውሰጂኝ፣ ቆሜ እመሰክራለሁ።

ባልደረባሽ የነበርኩት