ሽቦው ሲነቀል

ውድ ጋሼ ቀስ በቀስ፣

ይህ ቅጽል ስም ከጀርባዎ ብቻ የሚጠራ ይመስለን ነበር። ለካ በሻይ ኩባያዎ ቂጥ ላይ በማርከር ጽፈውት ኖሯል። ኩባያውን ትተውት ስለሄዱ እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ። ወንበርዎም እኔ ጋ ነው፤ አንድ እግሩ እንደሚያነክስ አልነገሩኝም።

የምጽፍልዎ ስለ አሥራ አንዱ ሳጥኖች ነው፤ ለክሊኒኮች መድኃኒት ማቀዝቀዣ ስለሠራናቸው። የባትሪውን ኃይል ወደ ሃያ አራት ቮልት ለውጠው እዚያው ላይ እንዲያቆዩት ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ያሉኝን አልረሳሁም። «ሻወር ቤት ገብተሽ ውኃው ሲቀዘቅዝብሽ ሙቁን በአንዴ ብትከፍቺው ትቃጠያለሽ፤ ደንግጠሽ ስትዘጊው ደግሞ ይበርድሻል። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያም እንደ እጅሽ ነው፤ ከቸኮለ ሲያርም ያጠፋል።» ከዚያም መነጽርዎን አውልቀው፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉኝ። ገና በመጀመሪያው ቀን።

ሥራ አስኪያጁ ግን ፈጣን መቆጣጠሪያ ፈለገ። የማቀዝቀዣው ሞተር ሲነሣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ በቅጽበት እንዲመለስ አዘዘ። አደረግሁት። በመለኪያው ስክሪን ላይ መስመሩ እንደተተኮሰ ሸሚዝ ቀጥ ብሎ ነበር።

እርስዎ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ልማድ ነበረዎት። የመለኪያ ሽቦዎቹን ሁሉ ነቅለው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጆሮዎን ሳጥኑ ላይ ይለጥፋሉ። «ሐኪሙ መጡ! ሳል አለበት እንዴ?» እንል ነበር። «ሳል ያለበትስ ሌላ ነው፤ ዝም በሉ» ይሉን ነበር።

የዚያን ቀን መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ሾፌሩ ጡሩምባውን ይነፋል። እጅዎ ወደ ሽቦው ሲዘረጋ፣ «ጋሼ፣ ለካሁት እኮ። አያምኑኝም?» አልኩ።

«ማመንስ አምንሻለሁ» አሉና እጅዎን መልሰው እስክሪብቶ አነሡ።

በስድስተኛው ሳምንት የአራት ክሊኒክ ሞተሮች ተቃጠሉ። መድኃኒቱ ተደፋ። ቶሎ ስለተደረሰበት ሰው አልተጎዳም። በስብሰባው ላይ ሥራ አስኪያጁ «የፈረመው ማን ነው?» ሲል፣ «ፊርማው የኔ ነው» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። እኔ የኮርኒሱን ሰሌዳዎች እቆጥር ነበር፤ ሠላሳ ስድስት ሙሉና አንድ ግማሽ። ሌላው ግማሽ የት እንደገባ እያሰብኩ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገለ ሰው ማኅደሩ ላይ «ቸልተኝነት» ተብሎ ተጽፎበት ሲሰናበት፣ እኔ ስለ ኮርኒስ አስብ ነበር።

ከአራት ወር በኋላ አንዱ ሳጥን ተመልሶ መጣ። ለካሁት፤ ጨዋ ነው። ምሳ ልበላ ስነሣ የመለኪያውን ሽቦ ነቀልኩ። ሳጥኑ አፏጨ፤ እንደ ትንኝ፣ ቀጭን አድርጎ። ሽቦውን መለስኩት፤ ዝም አለ። አሥራ አንድ ጊዜ ነቀልኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ መለስኩ። ሽቦው ራሱ እንደ ትንሽ ካፓሲተር፣ እንደ ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ቋት ሆኖ መቆጣጠሪያውን ያዘገየው ነበር። የእርስዎን ምክር አልሰማ ያለው የኔ ሥራ ለአንድ ሽቦ ይታዘዝ ነበር ማለት ነው። ሳጥኖቹን የላክናቸው ደግሞ ያለ ሽቦው ነው፤ ቮልቴጁ ላይ ታች ሲል ሞተሮቹን ያቃጠለው ይኸው ነው። ጆሮዎን ለጥፈው ቢሆን በአንድ ደቂቃ ይሰሙት ነበር።

አንድ ነገር እንዲሰማኝ ጠበቅሁ። አልተሰማኝም። ምሳዬን በላሁ።

ይህን ካወቅሁ፣ ጋሼ፣ ወር ሆነኝ። ከመጀመሪያው ዝምታዬ የሚከፋው ይኸኛው ነው፤ ያኔ አላውቅም ነበር።

ትናንት ሪፖርቱን በስሜ ጽፌ ሰጠሁ። ሥራ አስኪያጁ እርጥብ ነገር እንደሚያነሣ ሰው በሁለት ጣቱ ያዘው።

«ሰውየው ሄደዋል። አሁን ይህን መቀስቀስ ለማን ይበጃል?»

«ለማኅደራቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔም ማኅደር አለኝ።»

ውሳኔውን ሰኞ እነግርሻለሁ ብሏል። «ቸልተኝነት» የሚለው ቃል ከማኅደርዎ ወጥቶ ወደ እኔ ማኅደር እንዲዛወር ጠይቄያለሁ። የሪፖርቱ ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ እሱ ቢደብቀው እንኳ እርስዎ ጋ ይኖራል።

የሳጥኑን መቆጣጠሪያ እንዳይቸኩል አዘግይቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሽቦዎቹን ሁሉ ነቅዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ብዙ ቆየሁ መሰለኝ፣ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ «ተኛሽ እንዴ?» አለኝ። ምንም አያፏጭም። ቀና ስል ጉንጬ ሞቆ ነበር። ከሳጥኑ ነው።

ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። መልሱን ግን አያጣድፉት፤ ቶሎ የተመለሰ ነገር ምን እንደሚሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ኩባያዎን አጥቤ አስቀምጬልዎታለሁ። ጽሑፉን አልነካሁትም።

አፍሳ፣ ገና በመልቀም ላይ ያለችው