ጦም ያደረው ማሳ

ፎርት ዎርዝ፣ ኦገስት 2009

ውድ አባባ፣

መርዶዎን ያረዱኝ ጓደኛዬ ብርቅነሽና እዚህ ያለው የማኅበራችን ሰዎች ናቸው። ገና ሳይነጋ አፓርትመንቴን አንኳኩ። እነሱ ሲያለቅሱ እኔ ወንበር አመቻችላቸው ነበር። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ከዚያ ወዲህም አላለቀስኩም። ስለማልወድዎ እንዳይመስልዎ። እበላለሁ፣ እነዳለሁ፣ እተኛለሁ፤ ሌላ ምንም አይሰማኝም።

ቤታቸው እየሄድኩ ስለምረዳቸው ሽማግሌ፣ ስለ ሚስተር ዴል፣ በስልክ አጫውቼዎት ነበር። ከዚህ በስተምዕራብ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ካውንቲ በሚሉት የገጠር ወረዳ ውስጥ መሬት አላቸው። አፈሩን ነፋስ እንዳይወስደው ሣር ለብሶ እንዲቀመጥ መንግሥት በየዓመቱ ይከፍላቸዋል ስልዎት፣ «ላለማረስ?» ብለው ሳቁ።

«እኔስ ይሄን መሬት አንድ ዓመት እንኳ ጦም ባሳድረው ደስ ባለኝ፤ ደክሟል። ግን ምን እንበላለን?» አሉኝ።

ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።

ጁን ላይ ሽማግሌው መሬቱን ላለማረስ ከመንግሥት ጋር የገቡት ውል ማብቂያው ተቃረበ። ለማራዘም ካውንቲው ኦፊስ ሄደው መፈረም ነበረባቸው፤ እኔ ነዳሁላቸው። ልጃቸው ሪክ ግን አርሶ ስንዴ ሊዘራበት ይፈልጋል። መንገድ ላይ ሳለን ኮል አደረገ።

«ዳድ፣ እንዳትፈርም። እኔ አርሰዋለሁ።»

«አያትህ አርሶት አቧራ ሆኖ ሲሄድ አይቻለሁ» አሉት።

ኦፊሱ ውስጥ ግን ብዕሩን እንደያዙ ቀሩ። ከአንድ ልጃቸው ጋር መጣላት ከብዷቸዋል። ወደ እኔ ዞሩ።

«አባቴ ገበሬ ነው ብለሽኝ የለ? እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር?»

«አባቴ ሞተዋል» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

«መቼ?»

«ኤፕሪል ላይ።»

«በየቀኑ ቁርስ እያበላሽኝ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቢችሉ ኖሮ ያሳርፉት ነበር» ብቻ አልኩ። ፈረሙ።

ስንመለስ መሬቱ ጋ አስቆሙኝ። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «ስሙ ማን ነበር?» አሉኝ።

«ፍቃዱ።»

«ፊካዱ» ብለው ወደ ሣሩ ተናገሩ። አላረምኳቸውም። ሪክ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቱን መጠየቅ ትቷል። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ይመጣ እንደሆን እያዩ መስኮቱ ጋ ይቀመጣሉ።

በሳምንቱ ለወንድሜ ለጌትነት ደወልኩለት። ደክሟል ያሉኝን የላይኛውን ማሳ ዘንድሮ እንዳያርሰው፣ ቤተሰቡ የሚበላበትን እኔ እንደምልክ ነገርኩት።

«ሰው ሰነፍ ይለኛል» አለኝ።

«ይበል።»

በመጨረሻ፣ «እሺ እቴ» አለ።

ትናንት ስደውል ማሳው ሣር ለብሷል አለኝ። ያገሩ ሰው ሁሉ አርሶ ዘርቶ ያ ብቻ እንዲሁ ተኝቷል። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ ያየውና፣ «ለአባቱ ሐዘን ነው» ብሎ ያልፋል። ጌትነትም አላስተባበለም።

መሬቱ እስኪያገግም መላኬን አላቋርጥም፣ አባባ። እኔ ገና ነኝ። ሲመጣልኝ አለቅሳለሁ።

አፈሩ ይቅለልዎ።

ልጅዎ ዓለምሸት