አምስተኛውን ቁልፍ ይዘው የኖሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

በሰፈሩ «ጋሼ ፊርማ» እየተባሉ የሚጠሩት አባታችን ከጀልባ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በሰኔ ወር 1944 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት የኋላ መስኮቱ ወደ ረግረጉ የሚከፈት ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር ውሃው እስከ ደጃፉ ስለሚመጣ እናታቸው የስፌት መኪናቸውን ከጠረጴዛ ላይ አውርደው አያውቁም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈር ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሩ። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር ገና ተማሪ ሳሉ የጎረቤቱን ማመልከቻ ሁሉ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. በውሃ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1970 ዓ.ም. ከመምህርቷ እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። እናታችን ቃለ ጉባኤያቸውን በቀይ እስክሪብቶ ያርሙላቸው እንደነበር ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጡናል።

በ1981 ዓ.ም. የሐይቁና የረግረጉ የጋራ ኮሚቴ ሲቋቋም ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። በኮሚቴው ውስጥ ዓሣ አጥማጆች፣ ገበሬዎች፣ ጡብ ሠሪዎች፣ ሸምበቆ ቆራጮችና ጽሕፈት ቤቱ ነበሩበት። አምስቱም የሚኖሩት ከአንድ ውሃ ነው፤ ስለ ውሃው ግን ሁለቱ እንኳ ተስማምተው አያውቁም።

ቀጥሎ ያለውን እንድንጽፍ ያዘዙን ራሳቸው ናቸው። በነሐሴ ወር 1986 ዓ.ም. ሐይቁ ሞልቶ ማሳውን ሊውጥ ሲደርስ ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰብስቦ ሐይቁን የሚያግደው የውሃ በር ወደ ረግረጉ እንዲከፈት ወሰነ። ሸምበቆ ቆራጮቹ በስብሰባው አልነበሩም። ያከማቹትን ሸምበቆ ከዝናብ ለማዳን ረግረጉ ውስጥ ነበሩ፤ ጥሪ የሚያደርስላቸው ሰውም አልተላከም። አባታችን ከአምስቱ ወገን አራቱ ስለመጡ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ብለው፣ እጃቸው እንደለመደው «ሁሉም ባለድርሻ አካላት በተገኙበት በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ሲሉ ጻፉ። በማግስቱ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተ። አንድ ሸምበቆ ቆራጭ ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር ውሃ ወሰዳቸው። ታላቂቱ አሥራ አራት፣ ታናሺቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር።

አጣሪዎች መጥተው የጠየቁት ያንኑ አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ሁሉም ተገኝተዋል ስለሚል፣ ሟቹም ሰምተው እንደተስማሙ ተቆጥሮ መዝገቡ ተዘጋ። አባታችን ስሕተቱ እንዲታረም ሦስት ጊዜ አመለከቱ፤ የጸደቀ ቃለ ጉባኤ አይነካም ተባሉ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤታችን ሳቅ ቀነሰ። እሳቸው ራሳቸውን ይቅር አላሉም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም ልጆቻቸው ለረጅም ጊዜ አኩርፈናቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጻፉት ቃለ ጉባኤ ሁሉ የሚጀምረው «ያልተገኙ» በሚል ርእስ ነው። የቀረ ሰው ካለ ስብሰባው ይቆይ ብለው ያለበት ድረስ ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ጡብ ሠሪዎቹን ፊርማ ሲለምኑ ምድጃው አፍ ላይ ቆመው የጫማቸው ሶል ቀለጠ፤ ቅጽል ስማቸው የወጣላቸውም ያኔ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ «እኚህ ሰው እያሉ ዛሬም ቤታችን አንገባም» እያሉ ያማርሩ ነበር። አባታችን ግን ፍንክች አላሉም። ደጅ ለደጅ ተመላልሰው በ1991 ዓ.ም. የውሃው በር በአምስት ጓጉንቸሮች እንዲቆለፍ፣ ለየወገኑ አንድ አንድ ቁልፍ እንዲሰጥና አምስቱም ካልመጡ በሩ እንዳይከፈት አስፈረሙ።

ሸምበቆ ቆራጮቹ ቁልፋቸውን እንዲይዙላቸው የመረጡት የሟቹን ባለቤት ነበር። አባታችን ቁልፉን ይዘው ሄዱ። ሴትዮዋ ወንበር አቀረቡላቸው፤ ቁልፉን ግን አልተቀበሉም። «ጋሼ፣ የሚሰጠኝማ በሩ ሳይከፈት ነበር» አሏቸው። አባታችን በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል እየሄዱ ሃያ አምስት ጊዜ ሞክረዋል፤ ሃያ አምስት ጊዜ ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ተመልሰዋል። በሩ በሚከፈትበት ቀን ሴትዮዋ ራሳቸው መጥተው ረግረጉ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይተው «ይከፈት» ይላሉ፤ አባታችንም አምስተኛውን ጓጉንቸር በእሳቸው ፊት ይከፍታሉ። እንዲህ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ ውሃው ማንንም አልወሰደም።

አባታችን በደረሰባቸው የኩላሊት ሕመም ለአንድ ዓመት ያህል ሲታከሙ ቆይተዋል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት፣ ክረምቱ እየቀረበ ስለነበር፣ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ቁልፉ ነበር። ትራሳቸው ሥር አድርገውት፣ ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ «ማን ይወስድላታል?» ይሉ ነበር። ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

በማግስቱ ጠዋት ሴትዮዋ ቤታችን መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። ይህን ታሪክ ለጻፈችው እኅታችን «ቁልፉን አምጪ» አሏት። ተቀብለው በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረውት ወጡ። ይቅር ብያቸዋለሁ አላሉም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆችና አንዲት ታናሽ እኅት ትተው ሄደዋል። ታሪኬ ሲነበብ «ሁሉም በተገኙበት» እንዳትሉ ብለውናልና አደራቸውን እንፈጽማለን። በዚህ ስንብት ላይ ያልተገኙ፦ ሸምበቆ ቆራጩ፣ ታላቂቱ ልጃቸው፣ ታናሺቱ ልጃቸው። ፈጣሪ የእነሱን ነፍስ አስቀድሞ፣ የአባታችንንም ከእነሱ ቀጥሎ ያሳርፍልን።