እየጠፋ የሚነሣው ኮምፒዩተርና የአባባ መንዙማ

ለምወድሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሰላምታዬ ይህን ሁሉ በረዶ አልፎ፣ ባሕሩን ተሻግሮ ሐይቅ ከተማ ከደጅሽ ይድረስ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ እማዬ? ጉልበትሽን ዘንድሮ ብርዱ አልነካብሽም? ዓይንሽስ? ይህን የምታነብልሽ እህቴ ሙፈሪያትስ እንዴት ናት? እኔ፣ ባለቤቴ ሀሲባና ልጃችን ሀይፋ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ሀሲባ ዉድበሪ በምትባል ጎረቤት ከተማ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እኔም ያው ታክሲ ድራይቭ ማድረጌን ይዣለሁ።

አላህ ይዘንለትና የአባባን የመንዙማ ካሴት ወደ ሲዲ ገልብጬ እንድልክልሽ አደራ ካልሽኝ ወራት አለፉ። ዝም ያልኩት ረስቼ አይደለም፤ የቤታችን ኮምፒዩተር አልገለብጥ ብሎኝ ነው። ቴፑን በሽቦ አገናኝቼ ካሴቱን አጫውታለሁ፤ ኮምፒዩተሩም እየተቀበለ ይቀዳል። አባባ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ፣ ድቤው ሲመታ፣ እኔም የሚወርደውን በረዶ በመስኮት እያየሁ በእንቅልፍና በንቃት መካከል ስንሳፈፍ፣ ድንገት ስክሪኑ ድርግም ይላል። ማንም ሳይነካው ጠፍቶ፣ እንደ ገና ሀ ብሎ ይነሣል። የተቀዳውም የለም። አንዳንዴ ገና ሲጀምር፣ አንዳንዴ ሊያልቅ ሲል፤ ጠባዩ አይታወቅም። አባባ ግን ከቴፑ ውስጥ ማዜሙን ይቀጥላል፤ የሚቀበለው አጥቶ፣ ብቻውን።

ጓደኛዬ ነገሪ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገው። ጥቂት ቀን ደኅና ሰንብቶ ባሰበት። ከኤሌክትሪኩ ይሆናል ብዬ ሶኬት ቀየርኩ፤ እሱም አልሆነም። ካሴቱን ባጠነጠንኩ ቁጥር ክሩ እየሳሳ ሄደ፤ አንድ ቀን ጭራሽ ቴፑ ውስጥ ተጠምጥሞ ቀረ። በእርሳስ ቀስ እያልኩ መልሼ ጠቀለልኩት። ሀሲባ ይህን አይታ፣ «አንተ ሰው፣ አባባን ልትጨርሳቸው ነው!» ብላ ካሴቱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሲሲፒን ድልድይ ስሻገር፣ ወንዙ ከብርዱ የተነሣ ጨሶ ማዶው ሲሰወር፣ የአባባ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ የሚመጣ ይመስለኝ ጀመር። አንዱ ተሳፋሪ «ምን አልክ?» ሲለኝ ነው ጮክ ብዬ ስቀበለው እንደ ነበር ያወቅሁት።

ባለፈው እሑድ ሀሲባ የሀይፋን ካልሲ ከጠረጴዛው ሥር ልታነሣ ስታጎነብስ እጇ የኮምፒዩተሩን ጎን ነካ። «ባህሩዲን፣ ይሄ እኮ ትኩሳት ይዞታል!» አለችኝ። የሰው ግንባር ስትዳስስ የምትውል ሴት ናት። ለካስ ያስቀመጥነው የቤቱ ማሞቂያ ሞቃት አየር ከሚተፋበት ቀዳዳ አጠገብ ኖሯል። ነገሪ መጥቶ ጎኑን ሲፈታው፣ ውስጡን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ አቧራና የምንጣፍ ብናኝ ተጠምጥሞበት የወፍ ጎጆ መስሏል፤ መዞር አቅቶታል። ነገሪም ሳቀና፣ «ሲግል ራሱን ለማዳን ነው የሚጠፋው፤ እኛ ስንረግመው ከረምን» አለ። በብሩሽ ጠርገን፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግተን ስናበራው ማራገቢያው እንደ ንብ እምም እያለ ዞረ።

ሀሲባ ካሴቱን አውጥታ ሰጠችኝ። ቢስሚላህ ብዬ ከፈትኩት። ሀይፋም መጥታ ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። ውጭው ነጭ፣ የቤቱም ብርሃን ነጭ፣ አባባ መካከላችን። ስክሪኑ አልጠፋም። አባባ ጨርሶ ዝም ሲል ላቆመው እጄን ስሰድ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ ተሰማ። የመጨረሻውን አዝማች፣ እጇ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው፣ ለራሷ ታዜመዋለች። ከዚያ የአባባ ሳቅ፤ ከዚያ የቴፑ ቁልፍ ቀጭ። ሀይፋ ቀና ብላ በእንግሊዝኛ ማን ናት አለችኝ። አያትሽ ናት ስላት፣ «አያቴ እንዲህ ልጅ ነበረች?» ብላ ድገምልኝ አለች። እማዬ፣ እኔ ስታዜሚ ሰምቼሽ አላውቅም ነበር። አባባ ቴፑን ቶሎ ያላጠፋው ሆን ብሎ ይመስለኛል።

ሲዲው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። አባባ ሲጨርስ እንዳታጠፉት፤ ጥቂት ታገሡ።

ሙፈሪያትን ሳሚልኝ፤ ባለቤቷን ሀዚምን፣ ልጆቻቸውንም በያሉበት ሰላም በይልኝ። ሀሲባ ጉልበትሽን በሞቀ ጨርቅ ያዥው ብላለች። ሀይፋ ደግሞ ሁለቱንም ጉንጮችሽን ስማለች። ዱዓሽ አይለየን።

ልጅሽ ባህሩዲን
ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ ሚኒሶታ
ጥር 1998 ዓ.ም.