ሁሉን ፍቀው ያዩ የነበሩት እትዬ ማግኔት

እትዬ ማግኔት ከሞተር ሽቦ ጠምዛዥ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ተወለዱ። ቀኑ በልደት ወረቀታቸው ላይ ተጽፏል፤ ነገር ግን እሳቸው “ወረቀቱን የሞላው ሰው ስወለድ አጠገቤ አልነበረም” እያሉ ስለማያምኑት እዚህ አላሰፈርነውም።

ያደጉት በአባታቸው ሱቅ ወለል ላይ የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጭ እየለቀሙ ነው። አንድ ነጋዴ መዳብ ብሎ የሸጠው ሽቦ በቢላ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ አሉሚኒየም ሆኖ የተገኘ ዕለት ልጅነታቸው አበቃ ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ያልፋቁት ነገር የለም። ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የሳይንስ መምህራቸው ወርቅ አይዝግም፣ ቆዳም አያበላሽም ብለው ባስተማሩ ማግሥት፣ ዘመድ በተሰበሰበበት አክስታቸውን ቀለበት ያደረጉበት ጣት ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቁ። ባላቸው ወርቅ ብለው ያጠለቁላቸው ቀለበት መዳብ ነበር። አክስትና ባለቤታቸው ተኳርፈው ከረሙ።

በ1966 ዓ.ም. አሉሚኒየም አቅልጠው ድስት የሚሠሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ቀለበቱን ከመቀበላቸው በፊት አንጥረኛ ዘንድ ወስደው በጥቁር ድንጋይ አስፈትነውታል። ወርቅ ነው፣ ትንሽ መዳብ ግን አለበት ተባሉ። አንጥረኛው ወርቅ ብቻውን ለስላሳ ስለሆነ እንዲጠነክር እንደሚቀላቀል ቢያስረዷቸው እያቅማሙ ተቀበሉ። ሙሽራው አልተቀየሙም ይባላል፤ ይባላል ነው እንግዲህ።

ባልና ሚስት አንድ ሱቅ ከፈቱ። ከፊት ለፊት እሳቸው አሮጌ ብረታ ብረት ይገዛሉ፤ ከጓሮ ባለቤታቸው ያቀልጣሉ። በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ማግኔት ስማቸውን እስኪያስረሳ ድረስ ታወቀ። የሳበውን ብረት ወዲህ፣ ቀዩን መዳብ ወዲያ፣ ቀላሉን አሉሚኒየም ወደ ጓሮ ይልኩ ነበር። ሻጭ “እመኑኝ እትዬ” ካላቸው ዕቃውን ሁለት ጊዜ ይመረምሩት ነበር።

ወደ ጓሮ ከሚሄደው ውስጥ የመኪና ቸርኬ ይበዛል። በቸርኬ ጠርዝ ላይ ጎማው እንዳይንቀጠቀጥ የምትሰካ ትንሽ ማመዛዘኛ አለች። እትዬ ማግኔት ማግኔታቸውን ሲያስጠጉባት ትሳባለች። “ብረት ናት፤ ብረት ደግሞ በዚህ እሳት አይቀልጥም፣ ከሥር ተጠርጎ ይወጣል” ብለው ያሳልፏት ነበር። እንዳሉትም ማቅለጫው ሲጠረግ ብረቷ ትወጣለች።

መካከለኛው ልጃቸው በ1974 ዓ.ም. አራት ዓመት ሲሞላው ሆዱን ያመው ጀመር። ፊቱ ገረጣ፤ የሚያውቃቸውም ቃላት ይጠፉበት ጀመር። እናቱ ያልጠረጠሩት አልነበረም። የውኃ ታንከሩን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱን የግድግዳ ቀለም፣ አማታቸውን፣ እኛን እኅቶቻቸውን ሳይቀር ጠረጠሩ። ወተት ሻጩን በሰፈር ፊት አዋረዷቸው። እኚህ ሰው ዛሬ እዚህ መካከላችን ቆመዋል፤ ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃቸዋል።

ሐኪሙ ደሙን አስመርምረው እርሳስ የተባለው ከባድ ማዕድን እንደተገኘበት ነገሯቸው። እትዬ ማግኔት ሐኪሙንም አላመኑም። “እርሳስ በእኔ በር አይገባም። አውቀዋለሁ፤ በቢላ ይቆረጣል፣ እጅ ያጠቁራል” አሉ። ቤት ሲመለሱ ግን በጓሮው የቆሻሻ ክምር ፊት ተቀመጡና ከማቅለጫ የወጡትን ማመዛዘኛዎች አንድ በአንድ አነሱ። የቀረው ቀጭኑ ማያያዣ ብቻ ነበር። ማግኔቱ የሳበው ያንን ማያያዣ ኖሯል፤ የተያያዘው ግን እርሳስ ነበር። እርሳስ ከአሉሚኒየም ቀድሞ ስለሚቀልጥ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። ቤታቸው ቲማቲም የሚበስለውም፣ ኮምጣጣነቱ እርሳሱን እያሟሟ፣ በዚያው ድስት ነበር። “የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ” ብለው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሲያለቅሱ አይተናቸው አናውቅም።

ባለቤታቸው “ስንት ሰው በልቶበታል፣ ማን ሞተ?” ብለው ተቆጡ። “ማን እንደሞተ አላውቅም፤ ልጅህ ግን የእህቱን ስም ረስቷል” አሏቸው። ባልየው ሄደው እሳቱን አጠፉት።

እትዬ ማግኔት ከዚያ ቤት ለቤት እየዞሩ የሸጡትን ድስት መሰብሰብ ያዙ። ሰዉ ግን በተራው እሳቸውን ጠረጠረ። ማግኔት እንዲህ የምትለምነው ድስቱ ውስጥ ወርቅ ቀልጦ ቢገባ ነው ተባለና፣ እሳቸው በለመኑ ቁጥር ድስቱ አልጋ ሥር ይደበቅ ጀመር። ከዚህ ለቀስተኛ መካከልም እስከ ዛሬ የደበቀ እንዳለ እንጠረጥራለን። ወርቅ የለውም፤ እባካችሁ አትብሉበት።

ልጁ ታክሞ ሆዱ ተሻለው፤ ቃላቱ ግን በቶሎ አልተመለሱም። ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ክፍል ላይ ይህ ልጅ ማንበብ አይችልም ብሎ ሸኘው። እናቱ ይህንንም አላመኑም። “በምን አረጋገጣችሁ?” ብለው ይዘውት ወጡ። እሳቸው ከሱቅ የገባን ዕቃ ሁሉ ጽሑፉን ሳያነቡ ስለማይከፍቱ፣ ልጁን አጠገባቸው አስቀምጠው በዚያው ያስጠኑት ጀመር። ከጨው ላይ አዮዲን፣ ከጥርስ ሳሙና ፍሎራይድ፣ ከባትሪ ሊቲየም፣ ከወተት ዱቄት ካልሲየም እያለ ዓመታት ፈጅቶ አነበበ። እሳቸውም አዮዲኑ እንቅርት ይከላከላል፣ ፍሎራይዱ ጥርስ ያጠነክራል እያሉ ይነግሩትና፣ “የጻፉት እውነት ከሆነ” የምትለዋን አይረሱም ነበር። የጓሮው እሳት በኋላ ሲለኮስ ግን ቸርኬ ማመዛዘኛው በእጃቸው ሳይነቀል ዳግመኛ ወደ ጓሮ አላለፈም።

ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ጤናቸው እየደከመ ሄደ። ደም አንሷቸው የብረት ኪኒን ቢታዘዝላቸው ማግኔት አስጠጉበት፤ አልተሳበም፤ ለሐኪሙ መለሱላቸው። ብረቱ ከሌላ ነገር ጋር ስለተዋሐደ ማግኔት አይስበውም ቢባሉ አሻፈረኝ አሉ። በመጨረሻ ልጃቸው የማሸጊያውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ትክክል ማንበቡን ማየት አይችሉም ነበር። ሆኖም ዋጡት። እኔ እኅታቸው እስከማውቀው ድረስ ሳያረጋግጡ የተቀበሉት የሰው ቃል ይህ ብቻ ነው።

እትዬ ማግኔት በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው በ2015 ዓ.ም. መጋቢት 9 ቀን፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እኅታቸው ነኝ። የሚያነብላችሁ መካከለኛው ልጃቸው ነው። አንባቢ ይቀየር ያላችሁ ዘመዶች ነበራችሁ፤ ይኸው እዚህ ደርሷል። አዮዲን ላይ አልተደናቀፈም። ቀጥሎ የእናቱን ነፍስ ፈጣሪ በሰላም እንዲያሳርፍ ስለሚለምን፣ እዚያ ላይ ድምፁ ቢቆም ማንም አያግዘው፤ ጠብቁት፣ ራሱ ይጨርሰዋል።